የወግዲዋ አክስት

በየዓመቱ የከተራ ዕለት ከታቦቱ በላይ ከሚዘረጉት ድባቦች አንዱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ቀይ ከፋይ ነው፤ ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ አለው። ሰው ታቦቱን አይቶ እልል ሲል እኔ የማየው ስፌቱን ነው። በግራ በኩል፣ ከሦስተኛው ሽቦ አጠገብ፣ ክሩ የተንጋደደበት ቦታ አለ። እዚያ ላይ ቸኩያለሁ። ባል አገኘሁ ብዬ ነው የቸኮልኩት።

መካነ ሰላም ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። አርባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ አላገባሁም፤ አልወለድኩም። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ወንድሜ ደሴ፣ እኅቴ ዐረብ አገር ናቸው፤ አባቴ ከሞተ ቆይቷል። እኅቴ በደወለች ቁጥር «አንቺስ ታድለሻል፤ እማ አጠገብ ነሽ» ትለኛለች። አንድ ቀን «እንግዲያው ነይና እንለዋወጥ» ብላት ኔትወርኩ ተቆራረጠ ብላ ዘጋችው።

የሚያጽናናኝ ሰው አጥቼ አላውቅም። የማኅበራችን ሴቶች በየወሩ ጽዋ ላይ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» ይሉኛል። አንዷ ይህን ስትለኝ አሥራ አምስት ዓመት ሆኗታል፤ የእኔ ድግስ ከዚያ ወዲህ በርዶ፣ ሻግቶ፣ ውሻ በልቶት ይሆናል። ሌላዋ «ለምን አትመነኩሺም?» አለችኝ። እሷ የአምስት ልጆች እናት ናት፤ አንዱንም ለገዳም አላሰበችም። ለእግዜር የሚታሰበው ሰው ያልፈለገው ነው መሰለኝ። ሰባኪ ሲመጣ ደግሞ ላላገቡ ልጆች ተብሎ የብቻ ጉባኤ ይዘጋጃል። የዛሬ ሁለት ዓመት ሄጄ ነበር። ሁሉም ከሃያ አምስት በታች ናቸው፤ የገባሁት ለትምህርቱ ሳይሆን ወንበር ላመጣ መስሏቸው አንዷ «እዚህ ጋ ይደርድሩት» አለችኝ።

ናፍቆቴን አልደብቅም። ሰው እፈልጋለሁ። ጸሎት አደርጋለሁ፣ እጾማለሁ፣ እሰግዳለሁ፤ ከሰገድኩ በኋላም እፈልጋለሁ። ሥራዬ የሰው ገላ መለካት ነው። የወንድ ትከሻ የምነካው በሜትር ነው፤ ከዚህ ጫፍ እዚያ ጫፍ፣ አንገት፣ ደረት፣ ክንድ። ቁጥሩን በእርሳስ እጽፋለሁ፣ ሰውዬው ይሄዳል። አንዳንዱን ሁለቴ ለክቻለሁ። እግዜር ያውቀዋል፣ የንስሐ አባቴም ያውቁታል።

ያ ሰው የመጣው በቱታ ጉልበት ነው። የወፍጮ መካኒክ ነበር፤ ወግዲም፣ ማሻም፣ ደጎሎም ወፍጮ ሲቆም የሚጠሩት እሱን ነው። የቱታው ጉልበት ተቀዶ ሊያስጥፈው መጣ። ሽፋሽፍቱ ላይ ዱቄት ነበረ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር ያኔ። ሚስቱ ሞታበታለች፤ ልጅ የለውም። ሲናገር ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ከሞተር ጋር ሲነጋገር የኖረ ሰው ነው። «እዚህ ጋ ጠበቅ አርጊልኝ፣ ሁሌ የምንበረከከው በዚህ ነው» አለኝ። አጠበቅሁለት። በሳምንቱ ያኛውን ጉልበት ይዞ መጣ። ያኛው ጉልበት ምንም አልሆነም ነበር። ስቄ «ይሄ ምን ሆነ?» ብለው «ይቀደዳል ብዬ ነው» አለኝ።

ከዚያ በፊት፣ ሠላሳ ዓመት የሞላኝ ዕለት፣ ለገብርኤል ተስዬ ነበር። ትዳር ከሰጠኸኝ በእጄ የሰፋሁት ድባብ አገባልሃለሁ ብዬ። በኅዳር ወር ሰውዬው ሽማግሌ ላከ። ሦስት ሆነው መጡ፤ እናቴ አስገባቻቸው፣ አበላቻቸው። «ልጅቷ ፈቃደኛ ናት፤ እኔም ደስ ይለኛል። ዘሩ ከገና በኋላ ይቆጠር» አለች። የእኛ አገር ክርስቲያን እስከ ሰባት ቤት አይጋባም፤ ሁለቱም ወገን ተቀምጦ አያት ቅድመ አያቱን ይቆጥራል፤ የሚገናኝ ከሌለ ቀን ይቆረጣል። ይሄን እንደ ወግ እንጂ እንደ ፈተና የሚያየው የለም። እሱ የወግዲ ልጅ ነው፣ እኛ የዚህ፤ ምን ሊያገናኘን?

በመሃል ታኅሣሥ አሥራ ዘጠኝ ደረሰ፤ ገብርኤል።

ስለት የሚገባው ከደረሰ በኋላ ነው። ይህን ሕፃን ያውቀዋል። እኔ ግን ዓመት መጠበቅ አቃተኝ። እውነቱን ልናገርና፣ የቸኮልኩት ለገብርኤል አልነበረም፤ ለማኅበር ሴቶች ጆሮ ነው። ከፋዩን ደሴ ድረስ ልኬ አስመጣሁ፤ አሥር ቀን ሙሉ የሰው ሥራ አስቀምጬ ሰፋሁ። ዕለቱን ድባቡን ተሸክሜ ሄድኩ። ስለት የሚያስተዋውቀው ሰው ድምፅ ማጉያውን ጨብጦ «እልል በሉ ምእመናን! አንዲት እህታችን ገብርኤል ሆይ ትዳር ስጠኝ ብላ ተስላ፣ ሰምቷት፣ ይሄው የእጇን ሥራ ይዛ መጥታለች!» አለ። ስሜን አልጠራም። መካነ ሰላም ላይ ግን ከእኔ ሌላ ድባብ የምትሰፋ ሴት የለችም፤ እልልታው ዞሮ እኔ ላይ አረፈ። ያን ቀን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤት ድረስ ነጠላዬ መሬት ሲጎተት አላወቅሁም።

ከገና በኋላ ሽማግሌዎቹ ለዘር ቆጠራ ተመለሱ። ዋናው ሽማግሌ አንድ ዓይናቸውን ሞራ የጋረደባቸው፣ ረጅም፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። በአባቴ ወገን አጎቴ ቆጠረ፤ ምንም አልተገኘም። በእናቴ ወገን ቆጣሪዋ ራሷ እናቴ ነበረች። እኔ ጓዳ ቆሜ እሰማለሁ። ስማቸውን እየጠራች ወጣች፤ እናቷን፣ አያቷን፣ የአያቷን እናት። እዚያ ላይ ቆመች።

«የአያቴ እናት እኅት ነበረቻት» አለች። «ወግዲ ነው የተዳረች።»

ሽማግሌው «ወግዲ የት?» አሉ።

እናቴ ቀበሌውን ጠራች። የሰውዬው እናት የትውልድ ቀበሌ ነው። «የእናቱ ወገን ከእሷ ነው የሚወርድ። እንግዲህ ልጆቹ አምስተኛው ቤት ላይ ይገናኛሉ።»

«እርግጠኛ ነዎት እማሆይ?»

«እመብርሃን ምስክሬ ናት።»

ሦስቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። «እኛ የእናቱን ወገን ይህን ያህል ርቀን አንቆጥርም፤ የሚያውቁትም አልፈዋል» አሉ ባለ ሞራው። «ጥርጥር ከገባ ግን ይቅር። ደም ከሚደባለቅ ቤት ሳይሠራ ይቅር።» ተነሱ። የቀረበላቸውን አልቀመሱም። እኔ ጓዳ ውስጥ ትሪ ይዤ ነበር፤ ትሪውን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

እናቴ ገብታ «ከኃጢአት አወጣሁሽ» አለችኝ። ከዚያ ለሽማግሌዎቹ የተሠራውን ወጥ አስቀርባ በላች። ጥርሷ ያኔ ደህና ነበር።

ሰውዬው በሦስተኛው ቀን ሱቄ መጣ። ጠግኜ ያስቀመጥኩለት ልብስ ነበረ። ዓይኔን አላየኝም። «እንግዲህ ወንድምሽ ነኝ» አለኝና ልብሱን ተቀብሎ ሄደ። መጥፎ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው ስለሆነ ነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ልጆች ይኖሩኝ ነበር።

በሳምንቱ ጥምቀት ሆነ። ድባቤ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። ከታቦቱ ኋላ ከሴቶቹ ጋር ሄድኩ፤ ካልሄድኩ ይባስ ይወራል። ከማኅበር ሴቶች አንዷ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ገብርኤል የተቀበለውን ይመልሳል እንዴ?» አለችኝ። አጠገቧ ያሉት በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እስካሁን ከእሷ ጋር ጽዋ እጠጣለሁ። ሰውዬው በግንቦት እዚያው ወግዲ አገባ። አሁን ሦስት ልጆች አሉት፤ በገበያ ቀን አንዳንዴ አንዱን በትከሻው ይዞ አየዋለሁ። ሰላም እንባባላለን። እንደ ወንድምና እኅት።

ከዚያ በኋላ ያለውን ዘመን ምን ብዬ እንደማወራው አላውቅም፤ ምንም አልሆነም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ከሰዓቱ ረጅም ነው። ሰው ሁሉ ቤተሰብ ጥየቃ ይሄዳል፤ እኔን የሚጠይቀኝ ሱሪ የሚያሳጥር ነው። ለፋሲካ ዶሮ እሠራለሁ፤ ዶሮ አሥራ ሁለት ብልት አላት፣ እኛ ሁለት ነን። እናቴ ፈረሰኛውን ታነሳለች፣ ለአባወራ የሚሰጠውን። ሌላውን እስከ ረቡዕ እንበላዋለን። አጠገቤ ጨርቅ የምትሸጥ ሙስሊም ጎረቤት አለችኝ፤ በበዓላችን ማግሥት ድስት ሙሉ ወጥ ስታይ ሁሉ ነገር ገብቷት «አብሽሪ፣ አላህ ያመጣዋል» ትለኛለች። ከሚያጽናኑኝ ሁሉ የማልጠላው እሷን ብቻ ነው፤ እሷም ሁለት ጊዜ ተፈትታ ልጅ የላትም።

አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ። ቁርባን። እኛ ዘንድ የሚቆርበው ሕፃን፣ ሽማግሌና በቁርባን የተጋባ ነው። በጎልማሳነቱ ሳያገባ የሚቆርብ ብርቅ ነው፤ ገላውን የሚያምን የለማ። እኔ አምን ነበር። ሠላሳ አምስት ሲሞላኝ የንስሐ አባቴን አስፈቅጄ መቁረብ ጀመርኩ። ከፊቴ አፍንጫቸው የሚፈስ ሕፃናት፣ ከኋላዬ ምርኩዝ የያዙ አሮጊቶች፤ በመሃል እኔ። ሰው ያየኛል። ይየኝ። ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ፣ ማንንም ሳላናግር ወደ ቤት ስሄድ፣ ባል ያላቸው ሁሉ የሌላቸው ነገር አለኝ እላለሁ። ይህም ትዕቢት ነው፤ አውቃለሁ። ግን የኖርኩት በእሱ ነው።

እናቴ የዛሬ አራት ዓመት ወድቃ ዳሌዋን ሰበረች። ከዚያ ወዲህ አልጋ ላይ ናት። ሳሎኑን በመጋረጃ ከፍዬ አስተኛኋት። የእሷ ቃል አንድ ሆነ፤ «አንሺኝ»። ጠዋት አንሺኝ፣ ምሳ ሰዓት አንሺኝ። ብብቷ ሥር እጄን አስገብቼ ቀና አደርጋታለሁ፤ ጀርባዋን አሻለሁ፤ አንሶላ እቀይራለሁ። ያኔ ይህን ሁሉ የማደርገው ወድጄ ነበር። ማርያምን።

የዛሬ ሁለት ዓመት ጾመ ፍልሰታ ከመግባቱ በፊት አንድ ሽማግሌ ኮት ሊያስጠብቡ ሱቄ መጡ። እርጅና ትከሻቸውን ወስዶት ኮቱ የሰው ኮት መስሏል። እየለካኋቸው «የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። ነገርኳቸው። የእናቴ አገር ሰው ኖረዋል፤ ደስ አላቸው። እንደ ሽማግሌ ወግ እናቴን፣ አያቴን እየጠሩ ቆጠሩ።

«ባልሽ ምን ይሠራል?» አሉኝ።

«የለኝም አባቴ።»

«ሞተብሽ?»

«አላገባሁም።»

ሊያጽናኑኝ ፈለጉ፤ ለእኔ መከራ የሚመጣው ሁሌ በአጽናኝ በኩል ነው። «አብሽሪ ልጄ። ከዘርሽ የመጀመሪያዋ አይደለሽም» አሉ። «የአያትሽ አያት እኅት ነበረቻት። እኔ ልጅ ሆኜ አውቃታለሁ። ወግዲ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነበረ የምትኖረው፤ ለመገበሪያ ስንዴ እየለቀመች። ወንድ ሳታይ፣ ሳትወልድ ነው ያለፈችው። ስትሞት አገሩ ሁሉ ነው የቀበራት።»

ሜትሩ እጄ ላይ ነበረ። «ተድራ ነው የሄደችው ይባላል» አልኳቸው።

«ማን ነው እንዲህ ያለሽ? ለእግዜር ብላ ነው የሄደችው። ዘር የላትም!» ተቆጡ ማለት ይቻላል፤ የሟቿ ክብር ተነክቶባቸው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ለእኔ ሲጠራ ሰባት ዓመት አልፎት ነበር። ኮታቸውን አጠበብኩላቸው፤ ግራውን እጅጌ አሳጥሬባቸዋለሁ፣ ቆይቼ ነው ያወቅሁት። ሙሉ ቀን ያቺን ሴት አሰብኳት። ወንድ ሳታውቅ ኖራ ሞተች፤ ከሞተች በኋላ እናቴ ባል ሰጠቻት፣ ልጆች ሰጠቻት፣ የልጅ ልጅ ሰጠቻት፤ ይሄን ሁሉ የሰጠቻት ከእኔ ወስዳ ነው።

ለእናቴ ምንም አልነገርኳትም። መናገር ለእሷ ዕረፍት ነው የሚሆናት፤ አልቅሳ፣ ይቅርታ ጠይቃ፣ ሊቀላት ነው። ዝም አልኩ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ «አንሺኝ» ስትል መቁጠር ጀመርኩ። እስከ መቶ። ድምፄን ሳላወጣ፣ ቀስ ብዬ። አንዳንዴ ሰማንያ ላይ «አትሰሚም?» ትላለች፤ እንደገና ከአንድ እጀምራለሁ። ስነሳ «መጣሁ እማ» እላታለሁ፤ ድምፄ ማር ነው። ይህን የማደርገው እኔ ነኝ፤ በየሁለት ሳምንቱ የምቆርበው።

በሁለተኛው ሳምንት ለቁርባን መሄድ አልቻልኩም። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። ቂም ይዤ ያን ጽዋ መቅረብ ፈራሁ። ለንስሐ አባቴ ሁሉን ነገርኳቸው፤ መቶውንም ጭምር። «ይቅር በያትና ቁረቢ» አሉኝ።

«ካላልኳትስ?»

«እንግዲያው ቆዪ።»

ቆየሁ። ይኸው ሁለት ዓመቴ። በቅዳሴ ሕፃናቱና አሮጊቶቹ ሲሰለፉ እኔ ከግድግዳው ጋር እቆማለሁ። ሰው ያያል፤ ሰው ይተረጉማል። የማኅበር ሴቶች እንደ ተረጎሙት ወንድ ይዣለሁ። ይህን ስሰማ ሳቄ አመለጠኝ፤ ምነው በያዝኩ። እናቴ ግን አልተሳሳተችም። አንድ እሑድ በጠዋት ስመለስ አፌን አየች፤ ነጠላ የለበትም። «ቁርባን ተውሽ?» አለች። «አዎ» አልኳት። ለምን ብላ አልጠየቀችም። ያኔ ነው እንደምታውቅ ያወቅሁት።

እንግዲህ በዚህ መሃል ነው የወንድሜ ልጅ የመጣችልን። ነርስ ናት፤ እዚሁ ተመድባ መጣች፤ ሃያ አራት ዓመቷ። ቤታችን ድምፅ ሆነ። ዘፈን ትከፍታለች፣ ድስት ታሳርራለች፣ «እትዬ፣ ይሄን ቀሚስ አጥብቢልኝ፤ አይ ስፊው፤ አይ ተይው» ትለኛለች። እናቴን የምታነሳት ሳትቆጥር ነው። ፋሲካ ላይ ከዶሮዋ ብልት እስከ ማክሰኞ የተረፈ አልነበረም። ማታ ማታ አጠገቤ ተቀምጣ ስልኳን ስትነካካ ክርኗ ክርኔን ይነካዋል፤ እኔም አልንቀሳቀስም። እንዲህ ነው እንዴ የሰው ቤት እል ነበር።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ አንድ አስተማሪ ሽማግሌ ላከባት። የወግዲ ልጅ ነው።

የሽማግሌዎቹ ቀን ጠዋት እናቴን እያጠብኳት ሳለ እጄን ያዘችኝ። ድምጿ እየደከመ ነው፤ እጇ ግን አልደከመም። «ዛሬ የምትቆጥሪው አንቺ ነሽ» አለች። «እኔ መቀመጥ አልችልም፤ አባቷም ከደሴ ቢመጣ ዘር አያውቅ።»

«አውቃለሁ።»

«ያቺን የወግዲዋን አትርሺ።»

እርጥቡ ጨርቅ እጄ ላይ ቆመ። ጣራ ጣራውን እያየች ነበር። አላፈረችም፤ አንዲት ጠብታ ዕንባ አላየሁባትም።

«እማ» አልኳት፣ «እሷ ሳታገባ ነው የሞተች።»

«ታዲያ እኔ መች አጣሁት? ያኔ ብትሄጂ እኔን ማን ያነሳኝ ነበር?» አለች። «አሁንስ እሷ ብትሄድ አንቺን ማን ሊያነሳሽ ነው?»

ሁለተኛው ጥያቄ ነው የገደለኝ። ለእኔ አስባ ነበር። የእናትነቷን እያሰበችልኝ ነበር፤ ያንኑ ቢላ ስላ፣ በእጀታው በኩል አቀበለችኝ። እኔም አልወረወርኩትም፤ ይህን ነው መናገር የሚያሳፍረኝ። ቀኑን ሙሉ ይዤው ዋልኩ። ልጅቷ እየዘፈነች ቤት ስትጠርግ አያታለሁ፤ አንድ ቃል ይበቃኛል እላለሁ። ታለቅሳለች፣ ወር ሁለት ወር፤ ከዚያ ትተወዋለች። እዚሁ ትቀራለች። ክርኗ አጠገቤ ይቀራል። እኔ ስወድቅ የምታነሳኝ ትኖራለች። እናቴ ያኔ ምን እንደተሰማት አንድም ሳይቀር ተሰማኝ። ሰው የገባውን ይቅር ይላል ይባላል፤ እኔ ገብቶኝ ይባስ ጠላኋት።

ከሰዓት በኋላ መጡ። ባለ ሞራው ሽማግሌም አሉበት፤ አሁን ሁለቱንም ዓይን ጋርዷቸው በእጅ እየተመሩ። ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ልጅቷ፣ እኔ ያኔ የቆምኩበት፣ ጓዳው በር ላይ ቆመች፤ ትሪ ይዛለች። በመጋረጃው ማዶ እናቴ የምትተነፍሰው ይሰማል።

«ማን ነው ቆጣሪ?» አሉ ሽማግሌው።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ስማቸውን እየጠራሁ ወጣሁ። የልጅቷን አባት፣ እናቴን፣ አያቴን፣ የአያቴን እናት፣ የእሷን እናት። እዚያ ላይ ቆምኩ። መጋረጃው ማዶ ትንፋሹ ቆመ። ወደ ጓዳው በር አየሁ። ልጅቷ ትሪውን ደረቷ ላይ አስጠግታ ታየኛለች፤ ፈገግ ብላለች። ስለ ምን እንደምንቆጥር እንኳ አልገባትም።

«እኅት ነበረቻት» አልኩ። «ወግዲ ሄዳ የኖረች።»

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት የሰሙት መሆኑ ገባቸው።

«ያቺ ሴት አላገባችም» አልኩ፤ መጋረጃው ማዶ እንዲሰማ ከፍ አድርጌ። «ቤተ ክርስቲያን ደጅ ስንዴ እየለቀመች ኖራ ነው የሞተች። ልጅ የላትም። ከወግዲ ጋር ዝምድና የለንም፤ ኖሮንም አያውቅ። ልጆቹ ይጋቡ።»

ለልጅቷ ብዬ አይደለም። ደግነት እንዳይመስል ነው ይህን የምጽፈው። እናቴን ማሸነፍ ስለፈለግሁ ነው፤ በሰው ፊት፣ አልጋዋ ላይ እንዳለች።

ሽማግሌው «ያኔ እኮ…» ብለው ጀመሩና ተዉት። በምርኩዛቸው ሁለት ጊዜ መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «ልጄ» አሉኝ፣ «እኛም ዳኝተናል። ይቅር በይን።» ሁሉም እኔን አዩ። ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ፤ ዓይኑ መጋረጃው ላይ ነበር። «ብሉ፣ ይቀዘቅዛል» አልኳቸው።

በሉ። ቀን ተቆረጠ። በጥር ተዳረች። ቀሚሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ አንድም የተንጋደደ ስፌት የለበትም፤ አልቸኮልኩም። ስትሄድ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ «እትዬ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?» አለችኝ። መኪናቸው በወግዲ መንገድ እስኪጠፋ ድረስ ቆሜ አየሁና ገባሁ።

ቤቱ ጸጥ ብሎ ነበር። ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ተቀመጥኩ። «አንሺኝ» እስክትል ጠበቅሁ፤ እንድቆጥር። አላለችም። ዘፈኑ የለም፣ የሚያርር ድስት የለም። ከሽማግሌዎቹ ቀን ጀምሮ ያን ቃል ለልጅቷ ብቻ ነበር የምትለው፤ እኔን አልለመነችኝም። ጥቂት ቆይቶ ሽታው መጣ። መጋረጃውን ገለጥኩ። አልጋው ረጥቧል፤ እሷ ግድግዳውን እያየች ነው።

«ሄደች?» አለችኝ።

«ሄደች።»

«አንቺስ?»

ይቅር አላልኳትም። እሷም አልጠየቀችኝም። ዘንድሮም አልቆረብኩም።

«እኔማ የት እሄዳለሁ» አልኳትና፣ እጄን ብብቷ ሥር አስገብቼ አነሳኋት።